አምስተኛው ዘፈንና የራዲያተር ጠጋኙ ጆሮ

ሙሉ መጠሪያው ጋሽ ልክክ ራዲያተር ነው፤ ዕድሜው ስልሳ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። መታወቂያው ላይ የሰፈረውን ስም የሚያስታውሱት ባለቤቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ሲቸኩሉ «ልክክ» ይሉታል። መጠሪያውን ያገኘው ከአንድ ቃል ነው። የጠገነውን ራዲያተር ገንዳ ውስጥ ይነክራል፤ አንዱን አፍ በጎማ ይወትፋል፤ በሌላው አየር እያስገባ እስከ መቶ ይቆጥራል። መቶ እስኪሞላ አንዲት የአየር አረፋ ካልወጣች እጁን በሽርጡ ይጠርግና «ልክክ» ይላል። አረፋ ከወጣች ግን ምንም አይልም። ዕቃውን አውጥቶ እንደገና ጠረጴዛው ላይ ያጋድመዋል፤ ደንበኛውም መቀመጫ ይፈልጋል።

ቃሉን እንዲህ ያስወደደው አንድ ጥፋት ነው። በሃያ አራት ዓመቱ የአንድ ጭነት መኪና ራዲያተር ጠገነ፤ ሹፌሩ ስለ ቸኮለበት ውሃ ሳያስነካ «ልክክ ብሏል፤ ሂድ» አለው። መኪናው ዳገት መሀል ሞተሩ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም። ሹፌሩ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በእግሩ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፤ አልተሳደበም፤ አልጮኸም፤ «ነግረኸኝ ነበር እኮ» ብሎ ብቻ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሠላሳ ስምንት ዓመታት ልክክ ውሃ ያልመሰከረለትን ዕቃ አሞግሶ አያውቅም። ለወንድሙ መኪናም፣ ለጎረቤቱም፣ እየማለ ለሚለምነውም ሰው ቢሆን ያው ነው። ሰው ሲያኮርፍበት «ውሃን አኩርፈው» ይላል።

ሱቁ በአንድ ጎማ ቤትና በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሰነቀረ፣ በጎኑ ሦስት፣ በርዝመቱ ሰባት እርምጃ የሆነ ክፍል ነው። ገንዳው ከወለሉ እኩሌታውን ይዟል፤ ገብቶ ከልክክ ጋር መነጋገር የሚሻ ሰው ከገንዳው ማዶ መቆም ግድ ይሆንበታል። ከኋላ ያለው በር ወደ መኖሪያ ቤቱ ይከፈታል፤ በዚያ በኩል የባለቤቱ የስፌት መኪና ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል።

የሙዚቃ መሣሪያ መጠገን የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንድ የሙዚቃ መምህር የመኪናውን ራዲያተር ሊያሠራ መጥቶ፣ የልክክ እጅ የብየዳ ስታኞ አቅልጦ ናስን ከናስ ሲያጋጥም ቆሞ ተመለከተ። በማግስቱ ሆርኑን ይዞ መጣ። ሆርን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለ የናስ ቱቦ ነው፤ ተዘርግቶ ቢለካ ከዚያ ሱቅ ጓዳ ተነሥቶ እስከ መንገዱ ይደርሳል። አንደኛው ጫፉ እንደ ትልቅ አበባ ተከፍቷል፤ የሚነፋው ሰው ቀኝ እጁን እዚያ ውስጥ ከትቶ ይይዘዋል። ልክክ እጁ እዚያ የሚገባው ዕቃው እንዳይወድቅ ለመደገፍ ይመስለው ነበር። ጠይቆም አያውቅም፤ የቱቦ እንጂ የሙዚቃ ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅምና። ሰፈሩ «ነፊው» እያለ የሚጠራው መምህርም ዕቃው በተጠገነ ቁጥር አንዴ ጡ ያደርግበትና አመስግኖ ይሄዳል። ልክክ አንድ ሙሉ ዜማ በሆርን ሲነፋ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

የልክክ ቤት ሌላ ድምፅ ግን ነበረው። የእህቱ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እናቷን አጥታ ወደ እርሱ ቤት ገባች። አሁን ሠላሳ አንድ ሞልቷታል፤ ቀን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሙዚቃ ታስተምራለች፤ ከሥራ መልስ ክላሲካል ዘፈን ትለማመዳለች። በሙያው አጠራር ሶፕራኖ ናት፤ ይኸውም ከሴቶች ድምፅ ከፍተኛው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅዋ በመዶሻና በስፌት መኪና መካከል አልፎ ወደ ሱቁ ሲደርስ ልክክ አንድም ቀን ጥሩ ነው አላለም፤ መጥፎ ነውም አላለም።

ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በኋላው በር ሳይሆን እንደ ደንበኛ በሱቁ በር ገባችና ከገንዳው ማዶ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት መልስ ስጪን ብለውኛል።»

«እነማን?»

«የሙዚቃ ቡድኑ ነዋ! ሁለት ዓመት ከከተማ ከተማ እየዞሩ መዝፈን። ከፈረምኩ ትምህርት ቤቱን እለቃለሁ፤ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ካልፈረምሽስ?»

«ካልፈረምኩማ ለሁለተኛ ክፍል እንዳጨበጨብኩ ጡረታ እወጣለሁ።»

ሞረዱን አስቀመጠ። «እኔ ምን አውቄ? የሚያውቁት ምን አሉሽ?»

«ሁሉም ግሩም ነው አሉኝ። ጎረቤቶቻችን ግሩም ነው አሉ፤ እነሱ ግን የበር ደወላችንንም ግሩም ነው ብለውታል። መምህሬም ግሩም ነው አለች፤ እሷ ደግሞ ባስነጥስም ታጨበጭባለች።»

«እና?»

«እና እሑድ ና። ስድስት ዘፈን ነው፤ እኔ፣ ፒያኖና ሆርን። አምስተኛውን ስማ። ሌላውን ከፈለግህ አንቀላፋበት። አምስተኛው የሁሉም ከባድ ነው፤ እሱን ከቻልኩት ሁሉንም እችላለሁ። አንዲት ሴት ወንዝ ዳር ቆማ ማዶ ያለ ሰው ትጣራለች፤ ሆርኑ ማዶ ያለው ሰው ነው። ልክክ ካለ ልክክ በለኝ፤ ካላለ ዝም በል። ዝምታህን አውቀዋለሁ፤ አብሬው ነው ያደግሁት።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «አንቺ ልጅ፣» አለች ባለቤቱ ከበሩ ወዲያ፣ «በቆርቆሮ ጆሮ ልትመዘኚ ነው?»

«ቆርቆሮ አይዋሽም፣ እትዬ።»

«አይዋሽም፤ ግን ዝናብ ሲዘንብበት ሌላ ነገር አያሰማም።»

ልክክ ሞረዱን መልሶ አነሣ። ሸክሙ ግን ትከሻው ላይ መቀመጡን ተረድቷል። ልጅቷ የጠየቀችው ምርቃት አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ያልሆነውን ሆኗል ብሏት ሥራዋን ለቅቃ ብትሄድ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሩ ላይ ቆማ «ነግረኸኝ ነበር እኮ» የምትለው እርሷ ናት። የሆነውን አልሆነም ቢላትም ያው ዕዳ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ምንም ሳትለው ዕድሜ ልኳን ከጎኑ ትኖራለች።

ሐሙስ ጠዋት ነፊው ሆርኑን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፎ ገባ። ከመኪና ወንበር ላይ ወድቆ አንድ መጋጠሚያ ተላቅቋል። ልክክ አሮጌውን ስታኞ ጠረገ፤ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳ፤ አጋጠመና በእሳት አሠረው። ከዚያ ወደ ገንዳው ሊወስደው ሲነሣ ነፊው እጁን ያዘው።

«ኧረ ጋሽ ልክክ፣ ውሃ አይንካብኝ! ትናንት ነው ቁልፎቹን ዘይት ያጠጣሁት። ከሰዓት ለእሑዱ ከልጅቷ ጋር ልምምድ አለብኝ።»

«ታዲያ በምን ልፈትነው?»

«በትንፋሽዎ ይፈትኑት።»

ልክክ ጉንጩን መጋጠሚያው ላይ ለጠፈ፤ ነፊው አንዱን ጫፍ ደፍኖ በሌላው ነፋ። ጉንጩን የነካው ነፋስ አልነበረም። ዕቃውን ያለ አንዳች ቃል አስረከበው።

«ቃሉስ? ዛሬ ሊነፍጉኝ ነው?»

«ውሃ ሳያየው አይባልም።»

«እንግዲያው ያለ ምርቃት ልሂዳ!» አለና እየሳቀ ወጣ። ልክክ አልሳቀም። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ውሃ ሳያየው ከሱቁ የወጣ ሁለተኛው ዕቃ ይህ ነበር።

እሑድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከባለቤቱ ጋር ወደ አዳራሹ ገባ። ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ፣ ወንበሮቹ ሰው ሲነሣባቸው ሲጥ የሚሉ አዳራሽ ነው። ባለቤቱ ለልጅቷ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ለእርሱ አዲስ ሱሪ ሰፍታለች፤ ሱሪው ወገቡ ላይ ስለ ጠበበው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ዘፈን እንዳለቀ አጨበጨበ። ብቻውን ነበር።

«እጅህን ሰብስብ!» ባለቤቱ ጉልበቱን ቆነጠጠችው። «ስድስቱም ካለቁ በኋላ ነው።»

«ማን አለ?»

«በር ላይ በሰጡን ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን ነው እንዴ እንደ ማራገቢያ የምታወዛውዘው?»

እዚህ ላይ በትክክል መናገር ይገባል። ልክክ ሙዚቃ አያውቅም፤ ማዳመጥ ግን ያውቃል። ጆሮውን ለአርባ ዓመታት ያሠለጠነው አንድ ነገር ብቻ ፈልጎ እንዲያገኝ ነው፤ ይኸውም ትንፋሽ ሳይታሰብ የሚያመልጥበትን ቦታ። በዚያ ጆሮ የልጅቷን ድምፅ ተከተለው። ትንፋሽ የምትስበው ትከሻዋ ሳይነሣ ከወገቧ በላይ ባለው ቀበቶ ሥር መሆኑን አየ። ድምፅዋ ዝቅ ሲል እንደማይሳሳ፣ ሲቀጥንም አለመድረቁን ሰማ። በሁለተኛው ዘፈን ደግሞ ያልጠበቀው ነገር ሆነ። አንዲት ኖታ ይዛ እየቀነሰች፣ እየቀነሰች ሄደች፤ ልታልቅ ስትል ሆርኑ ያንኑ ኖታ ተቀበላት። የእርሷ የት ላይ እንዳበቃ፣ የሆርኑም የት ላይ እንደ ጀመረ ልክክ ሊለየው አልቻለም። ሁለት ናስ ሲጋጠም መጋጠሚያውን በጣቱ ዳብሶ የማያጣው ሰው፣ እዚህ ዳብሶ አጣው። ከንፈሩ ለቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ባለቤቱን አየና ዋጠው። ሦስተኛውና አራተኛው አለፉ፤ የጠበበው ሱሪ ተረስቷል።

አምስተኛው ተጀመረ። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥታ ጠራች። ድምፅዋ ከአዳራሹ ጀርባ ደርሶ ተመለሰ። ፒያኖው ዝም አለ። ሆርኑ መለሰ።

የመለሰው ግን ቅድም የነበረው ሆርን አይደለም። ድምፁ ከስቷል፤ ታፍኗል፤ በሩቅ ቤት ውስጥ በተዘጋ በር በኩል የሚመጣ ይመስላል። ከሥሩ እንደ ንብ እዝዝ የሚል ጩኸት አለው። ልክክ ወደ ባለቤቱ ጎንበስ አለ።

«ለቀቀ» አለ።

«ምኑ?» ባለቤቱ ዞር አለች።

«መጋጠሚያው። ያፈሳል።»

«አንተ ሰው፣ ዝም በል፤ ሰው እያየን ነው።»

ከዚያ በኋላ ለልክክ በመድረኩ ላይ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከነፊው ግራ ክርን በታች ያለችው፣ ሐሙስ ዕለት የበየዳት መጋጠሚያ። ውሃ አላየችም። ልምድ ነውና ሳያስበው መቁጠር ጀመረ። ሆርኑ በመለሰ ቁጥር ያው የታፈነ ድምፅ ይወጣል። የልጅቷን ሰኞ፣ የልጅቷን ሁለት ዓመት በገዛ እጁ በስታኞ ሲያበላሽ ታየው። ተነሥቶ «አቁሙ» ሊል አንዴ ወንበሩን ሲጥ አደረገው፤ ባለቤቱ ኮቱን ይዛ አስቀመጠችው። ሰማንያ ሦስት ላይ ሲደርስ ዘፈኑ አልቆ ነበር። አዳራሹ እስትንፋሱን ይዞ ነበር፤ ከፊቱ የተቀመጡት አሮጊት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

በስድስተኛው ሆርኑ እንደ ወይፈን ድምፁን መልሶ አገኘ፤ የሞላ፣ የሚያብረቀርቅ። ልክክ ይባስ ተደናገረ። የሚያፈስ ቱቦ በራሱ አይድንም።

ጭብጨባው ሳያበቃ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባ። ነፊው ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል፤ ፒያኖ ተጫዋቿ ውሃ ትጠጣለች።

«ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ልክክ በሩ ላይ ቆሞ። «እምቢ ብትለኝም ውሃ ውስጥ ልነክረው ይገባ ነበር።»

«ምኑን?»

«መጋጠሚያውን። አምስተኛው ላይ አመለጠብህ። በመሀል እንዴት እንደ ጠገንከው አላውቅም፤ ግን ልጅቷ የለችበትም። ጥፋቱ የበያጁ ነው ብለህ ለሙዚቃ ቡድኑ ሰዎች ንገርልኝ።»

ነፊው መሐረቡን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሆርኑን አነሣ፤ ነፋ፤ ክፍሏ በድምፅ ሞላች። መንፋቱን ሳያቋርጥ በሆርኑ አበባ ውስጥ ያለውን ቀኝ እጁን ገፋ አድርጎ ደፈነው። ድምፁ ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ቆመ። እጁን መለሰው፤ ድምፁም ተመለሰ።

«እጄ ነው፣ ጋሽ ልክክ። ማዶ ያለው ሰው ሩቅ ነው፤ ቅርብ ሆኖ ሊሰማ አይገባውም። የሙዚቃው ደራሲ ደፍነህ ንፋ ብሎ ጽፎታል። የእርስዎ ስታኞ እኔ እስክሞትም አይለቅም።»

ፒያኖ ተጫዋቿ ውሃው ትን አላት። ነፊው ራሱ እየሳቀ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ልክክ የእህቱን ልጅ ያያት። አንድ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ከመጋረጃው ሥር ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ጋሼ፣» አለች፣ «አምስተኛውን ሰማኸው?»

መዋሸት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ቃሉም የራሱ ነው።

«አልሰማሁትም።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ጫማዋን ደረቷ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በጠቅላላው? ስማ ተብለህ ተለምነህ?»

«ስለ መጋጠሚያው ሳስብ ነበር።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ሁለተኛው» አለና ቃል ፈለገ፤ «የተጋጠመበት ቦታ አይገኝም። ፈልጌ አጣሁት።»

ሳቋ ቀስ እያለ ወረደ። ከእርሱ አፍ በሃያ ሁለት ዓመት የሰማችው የመጀመሪያው ምስጋና ይህ ነበር፤ የመጣው ግን ላልጠየቀችው ዘፈን ነው። «እንግዲህ ንገረኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁለተኛው ይዞህ ነበር፤ አምስተኛው አልያዘህም። አምስተኛውን እንደሚገባ ብዘፍነው ኖሮ ስለ ስታኞ ታስብ ነበር?»

 «አሁን ዝፈኚልኝ» አላት። «እዚሁ። ነፊውም አለ።»

«ዘፈን ራዲያተር አይደለም፣ ጋሼ። አረፋ ወጣ ተብሎ እንደገና አይነከርም።»

ነፊው ሆርኑን ሳጥኑ ውስጥ እያስተኛ በመካከላቸው ገባ። «እኔ ግን ሌላ ይመስለኛል። ያ የታፈነ ድምፅ የተጻፈው ሰሚው ማዶ ላለው ሰው እንዲሰጋ ነው። ብቻውን ሆርን አያሰጋም፤ የሚያሰጋው የምትጣራው ሴት ድምፅ ከፊቱ ሲመጣ ነው። ጋሽ ልክክ እስከዚህ ድረስ የሰጉ ከሆነ፣ ከአዳራሹ ሁሉ ያቺን ዘፈን የሰሟት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«የሰጋሁት ለስታኞዬ ነው» አለ ልክክ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ ቀደም ብላ ስትራመድ ባለቤቱ ክንዱን ያዘች። «ያቺን ቃል ንገራት፤ ምን ይጎዳሃል? እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ያማረ ነበር።»

«አንቺ የሰማሽውን እኔ እንዴት እመሰክራለሁ?»

«እንግዲያው ዝም በል።»

«ዝም ካልኩ አፍስሷል ማለቴ ነው። ማፍሰሱንም አላየሁም።»

«አወይ ያንተ ነገር!» አለች ባለቤቱ። «አንድ ቃል ይዘህ ስትኖር ሁለተኛ አልተማርክም።»

ይህ ከተናገረችው ሁሉ ትክክለኛው ነው። ለፈሰሰ ዝምታ አለው፤ ላልፈሰሰ ቃል አለው። አላውቅም ለሚለው ግን ሱቁ ውስጥ ምንም ነገር አላበጀለትም፤ ገንዳው ባለበት ቤት አስፈልጎት አያውቅም ነበርና።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ በሱቁ በር ገባች። ያልተፈረመው ወረቀት በእጇ፣ እስክሪብቶው በጆሮዋ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ መልስ ትሰጣለች። ምንም አልጠየቀችውም፤ የጠየቀችው ረቡዕ ነው። ከገንዳው ማዶ ቆማ ጠበቀች። ገንዳው ውስጥ የተነከረ ዕቃ የለም፤ ውሃው ጸጥ ብሏል፤ የኋላው የስፌት መኪናም እንደዚሁ። ልክክ እጁን በሽርጡ ጠረገ።

ሌሊቱን ያንን ዘፈን ለማስታወስ ሞክሮ ነበር። አንድም ቃል፣ አንድም ዜማ አልመጣለትም። የመጣለት ስጋቱ ብቻ ነው፤ እርሱም ገና አልለቀቀውም፤ ስጋቱ የመጋጠሚያው ይሁን የማዶው ሰው አሁን መለየት አቅቶታል።

አንባቢ ሆይ፣ በሁለቱ መካከል የሚመሰክር ውሃ የለም፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው፤ አንተ በልክክ ቦታ ብትቆም፣ ቃሉን ትላታለህ?